የብርሃነሽ ጠላና የቡራዩ ኮርስ

ሱሉልታ፣ ከውሃ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የሀብተወልድን ቤት አሳዩኝ ያለ ሰው ሲዞር ይውል ነበር። የብርሃነሽን ቤት ያለ ግን ሕፃኑም አዋቂውም በሩ ላይ ያደርሰዋል። ቤቱን የሠራው ሀብተወልድ ነው፤ ካርታውም በእሱ ስም ነው፤ ሰፈሩ ግን ለሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቀው የሚስቱን ጠላ ነው። ሀብተወልድ በዚህ ቅር ተሰኝቶ አያውቅም። ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት የማያውቀው ሰው ሲገጥመው "የብርሃነሽ ባል ነኝ" ብሎ ነበር ራሱን የሚያስተዋውቀው። እንዲህ የሚል ወንድ ስንት አለ? እኔ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

በዚያው ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ የማይለየው። ክዳን ይቆጥራል፣ ካርቶን ይቆጥራል፣ ያልተመዘነ ነገር በእሱ በር አይወጣም። ቤቱ ሲገባ ግን ልኬቱ ሁሉ ከጫማው ጋር በር ላይ ይቀራል። ሳሎን ይቀመጣል፤ ብርሃነሽ ትቀዳለች፤ ይጠጣል፤ "እሰይ፣ እጅሽን ይባርከው" ይላል። በቃ። ጓዳ ገብቶ አያውቅም። ቡሬ ያደገ ሰው ነው፤ እናቱ ወንድ ልጅ ጓዳ ብቅ ካለ በማማሰያ ነበር የሚያባርሩት። አስተዳደጉ ነው ብለው የሚያልፉት ይኖራሉ። እኔ አላልፈውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ግድግዳ ማዶ አንዲት ሴት ያን የመሰለ ነገር ስትሠራ፣ አንድ ቀን አንገቱን አስግጎ "እንዴት ነው የምታደርጊው?" ያላለ ሰው ጥፋተኛ ነው። እሱም ኋላ ላይ ይህንኑ ነው ያለው።

ስለ ጠላው ልንገራችሁ። ሱሉልታ ለጠላ የሚመች አገር አይደለም። ብርዱ ድፍድፉን ያስተኛዋል፤ ቆላ ላይ በአምስት ቀን የሚደርሰው እዚህ አሥር ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ብርሃነሽ ጋኗን በብርድ ልብስ ትጠቀልልና ጠዋትና ማታ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠዋለች። "ገና ነው" ትላለች፤ ወይም "ደርሷል" ትላለች፤ ተሳስታ አታውቅም። ጠላዋ ጥርት ያለ አልነበረም፤ እውነቱን እንናገር። ጠቆር፣ ደፍረስ ይላል። የተቆላው እህል ጭስ ጭስ ይላል። ጌሾው ሲጠጡት አይታወቅም፤ ከዋጡ በኋላ ነው ከምላስ ጎን ቀስ ብሎ የሚመጣው። ጎረቤታቸው ኦቦ ቦጂያ፣ ከተማው ሳይመጣ ያ ሁሉ ሜዳ የከብቶቻቸው ግጦሽ የነበረው ሽማግሌ፣ "ፋርሶ የምትጠጣ ከሆነ እዚህ ጠጣ፤ ሌላ ቦታ ውሃ ይበቃሃል" ይሉ ነበር፤ ጠላን በኦሮምኛ ፋርሶ ነው የሚሉት። ለማኅበር የምትጠራው እሷ ናት፤ ለሠርግ የምትጠራው እሷ ናት። ልጅ አልወለዱም። እጇን የሚወርስ ሰው ስላልነበረ፣ ሙያው ያለው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ብርሃነሽን ልቧን አመማት። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ ደከማት፤ ቀጥሎ ስትተኛ ትንፋሽ አጠራት፤ ከዚያ እግሯ አበጠ። አዲስ አበባ ወሰዳት፤ ያያት ሐኪም መድኃኒት ጻፈላትና "ጭስ ክልክል ነው፣ ሸክም ክልክል ነው፣ ብዙ መቆምም ክልክል ነው" አላት። ጠላ መጥመቅ ማለት ደግሞ ጭስ፣ ሸክምና መቆም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋኑ ግቢ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ ቀረ። ብርሃነሽ በመስኮት እያየችው ፊቷን ታዞር ነበር።

አንድ እሑድ ሀብተወልድ ደፈረና "ብርሃኔ፣ አንቺ ተቀምጠሽ ለምን አትነግሪኝም? እኔ ልሥራው" አላት።

እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። "አንተ? ጋኑን ከምትቆጥረው በቀር ምን ታደርገዋለህ?"

አብሯት ሳቀ። በሳምንቱ ደግሞ ጠየቃት። ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም። ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችና "ምነው፣ ልትቀብረኝ ቸኮልክ እንዴ? ስነሳ ራሴ እጠምቃለሁ" አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ከቁጣው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ሀብተወልድ ሁለተኛውን ነው የሰማው። አስተምሪኝ ማለት አትነሺም ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባው። ሁለተኛ አላነሳባትም።

ግን አልተወውም። እንዴት ይተወዋል? ሚስቱ ዓይኑ እያየ እየሟሸሸች ነው። ፊቷን ፎቶ ይይዘዋል፤ ድምፅዋን ስልክ ይይዘዋል፤ ያን ጠላ ግን ከእጇ በቀር የሚይዘው የለም። እሷ ብትሄድ፣ ያ ጣዕም ከዚህ ዓለም ላይ እንደሚጠፋ ሲያስብ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከካርቶኖቹ መካከል ቆሞ ያለቅስ ነበር። እንባውን ያየው ከማል ነው።

ከማል የፋብሪካው ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ንጹሕ ልጅ። የሆነውን ነገር ሁሉ ሰማና በሦስተኛው ቀን ስልኩን ይዞ መጣ።

"ጋሼ ሀብቴ፣ ይቺን እያት። ቴሌግራም ላይ ነው ያገኘኋት።"

ሀብተወልድ መነጽሩን አደረገ። ማስታወቂያው "ቢራና ጠላ በቤትዎ ይጥመቁ! የአምስት ቅዳሜ ተግባራዊ ኮርስ፣ ቡራዩ" ይላል። ከሥሩ አረፋ የሞላው ብርጭቆ አለ።

"አንተ ምን ታውቃለህ ስለ ጠላ?"

"እኔማ ምን አውቃለሁ፤ ሐራም ነው። ግን ጋሼ፣ ወላሂ፣ ሰው ከሚያለቅስ ቢማር ይሻላል።"

ሀብተወልድ ለአሥር ቀን ያህል ከራሱ ጋር ተሟገተ። ልሂድ ቢል ነውር መሰለው፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከጎረምሶች ጋር ጠላ ሊማር! ሰፈር ቢሰማ ምን ይላል? ከሰፈሩም በላይ የከበደው የብርሃነሽ ነገር ነው። እሷ በሕይወት ተቀምጣ የእሷን ሙያ ከሌላ ሰው መማር ክህደት ይመስላል። ልቅር ቢል ደግሞ ቀኑ ይሄዳል፤ እግሯ ያብጣል፤ ትንፋሿ ያጥራል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። ለከማል "አንድ ነገር ይዤ ብመለስ፣ ጥንስሱን እንዴት እንደሚጥሉት ብቻ እንኳ ባውቅ፣ የቀረውን ከእሷ ጣዕም እየተነሳሁ እደርስበት ነበር" አለው። እንግዲህ ይህን ተስፋ ይዞ ነው የተመዘገበው። ለብርሃነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት መጣ አላት። ሃያ ስድስት ዓመት ዋሽቷት አያውቅም ነበርና ወዲያው አመነችው።

ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ዊንጌት፣ ከዊንጌት ቡራዩ፤ ሦስት ታክሲ ነው። ኮርሱ የሚሰጠው ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነበር። አሠልጣኟ ሊሊ ትባላለች፤ የምግብ ሳይንስ የተማረች፣ ነጭ ገዋን የለበሰች፣ ቀልጣፋ ልጅ። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። አሥሩ ወጣቶች ናቸው፤ ባር እንክፈት፣ በጠርሙስ እናሽግ የሚሉ፣ ሁሉን ነገር በስልካቸው የሚቀርጹ። አሥራ አንደኛው ሀብተወልድ ነው፤ ደብተር ይዞ።

ሊሊ በቴርሞሜትርና በሚዛን ነው የምታስተምረው። ዕቃው እንዴት እንደሚታጠብ፣ እርሾ በስንት ዲግሪ እንደሚሠራና በስንት ዲግሪ እንደሚተኛ፣ ብቅልና ጌሾ ለስንት ሊትር ስንት ግራም እንደሚገባ። ለሀብተወልድ ይህ የሚያውቀው ቋንቋ ነው። ደስ አለው። በመጀመሪያው ቀን መጨረሻ ላይ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረና ጠየቃት።

"የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ የምትጠምቀውን ጠላ መጥመቅ ነው የምፈልገው። እንደሱ እንዲሆን ምን ላድርግ?"

ሊሊ ደብተሯን ገለጠች። "እሺ ጋሼ፣ ይንገሩኝ። እህላቸው ገብስ ብቻ ነው? ዳጉሳ ይቀላቅላሉ?"

"አላውቅም።"

"ብቅሉን ራሳቸው ያበቅላሉ ወይስ ገዝተው ነው?"

"አላውቅም።"

"ጌሾው ቅጠሉ ነው እንጨቱ? ለደረቆቱ የሚቆላውን እህል ምን ያህል ነው የሚያጠቁሩት?"

ሀብተወልድ እስክሪብቶውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ። ሃያ ስድስት ዓመት ጠጥቷል። ስንት ጋን? በግምጃ ቤቱ ስንት ክዳን እንዳለ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት የሚናገር ሰው፣ ስለ ገዛ ቤቱ ጠላ አንዲት ነገር አያውቅም። ያን ጊዜ የተሰማውን እፍረት ለከማል ሲነግረው "እንደዚያ ቀን ራሴን ንቄ አላውቅም" ነው ያለው።

ሊሊን አሳዘናት። "ጋሼ፣ እሳቸው አሉ አይደል? ለምን እሳቸውን አይጠይቁም? እኔ እኮ ትክክለኛውን አሠራር ነው የማስተምረው፤ የእሳቸውን እጅ አላውቀውም።"

"አለች" አለ ሀብተወልድ። "ግን አይሆንም።"

በመንገዱ ሁሉ ከእንግዲህ አልመለስም ሲል ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ተመለሰ። ትክክለኛውን ይዤ ከዚያ ወደ እሷ ጣዕም አስጠጋዋለሁ ብሎ አሰበ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅዳሜም ሄደ። ማንም የእሱን ያህል በጥንቃቄ አልመዘነም። ሊሊ ለወጣቶቹ የእሱን ደብተር እያሳየች "እንደ ጋሽ ሀብተወልድ ጻፉ" ትል ጀመር። ልቡ ትንሽ ቀና አለ።

አራተኛው ቅዳሜ የተግባር ቀን ነበር። ሁሉም የየራሱን ሃያ ሊትር ጠመቀ። ሲጨርሱ አሥር ሰዓት ሆነ፤ ዝናብ ነበር፤ ታክሲ ጠፋ። ሀብተወልድ ሱሉልታ የገባው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ግቢው በር ላይ ሲደርስ የወይራ ጭስ ሸተተው። ጋኑ ከነበረበት ቦታ የለም።

ሮጦ ገባ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጓዳውን ደፍ ተሻገረ። ብርሃነሽ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አጠገቧ ጋኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አፉ ተከድኖ ቆሟል። ጎረቤታቸው ሰናይት ከጎኗ ቆማ ውሃ ታጠጣታለች።

"ምን ሆነሽ ነው? ምን አደረግሽ ራስሽን?"

ብርሃነሽ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። "ተቀመጥ መጀመሪያ። አትጩህ።"

ሰናይት ነች የነገረችው። ጠዋት እሱ እንደወጣ ብርሃነሽ ጠርታታለች። "ዛሬ ለሀብቴ ላሳየው ነው፤ እንዲያው ከልክዬው አዝኗል፤ እኔም ከልክዬው አዝኛለሁ" ብላታለች። ሰናይት ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠበች፣ በወይራ አጠነች፣ ጌሾውን ወቀጠች፣ ውሃውን ቀዳች። ሁሉ ነገር ሲዘጋጅ ሀብተወልድን ጥሪልኝ ብላ ፋብሪካ ላከቻት። የበሩ ጥበቃ "ዛሬ ግምጃ ቤት ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ አያውቅም" አላት። ስልኩ ዝግ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሲገባ ያጠፋዋል። ብርሃነሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀችው። የታጠነ ጋን ደግሞ አይቆይም፤ ጭሱ ይለቀዋል። ስለዚህ ተነሳችና ጥንስሱን ራሷ ጣለችው። በእጇ፣ እፍኝ እየቆነጠረች፣ እያሸተተች፣ እየጨመረች። ሰናይት ውሃ እያቀበለች ከኋላ ነው የቆመችው፤ ጀርባዋን እንጂ እጇን አላየችም።

ሀብተወልድ መሬት ላይ ተቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። ለእሱ የተባለ መሆኑን ያን ቀን አወቀ።

"የት ነበርክ?" አለችው ብርሃነሽ።

እጇን ዘርግታ የኮቱን ክንድ ያዘችና አሸተተችው። ዓይኗ ፈጠጠ።

"ብቅል ብቅል ትሸታለህ።"

ነገራት። ቡራዩን፣ ሊሊን፣ ደብተሩን፣ ሁሉንም። አንገቱን ደፍቶ ነው የነገራት። ሲጨርስ ቁጣ ጠብቆ ነበር። ብርሃነሽ ግን ሳቀች፤ ያን አንጀት የሚበላ ሳቅ። "እኔ ደግሞ ሴት ይዘሃል ብዬ ስቃጠል! አንተ ሰውዬ፣ ጓዳ እያለልህ ቡራዩ ትሄዳለህ?" አለችና፣ ሳቁ አፏ ላይ እንዳለ እንባዋ ፈሰሰ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ትሞቻለሽ ብዬ የማስብ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።"

"እኔም የከለከልኩህ እኮ ለዚያው ነው። እንዳትፈራ ብዬ።"

ሰናይት ቀስ ብላ ወጣች። ሁለቱ ጋኑ ሥር ተቀምጠው ተላቀሱ። እኔ ይህን ስጽፍ በሁለቱም ላይ እናደዳለሁ። አንዱ ሌላውን እንዳያስፈራ ተብሎ ስንት ቀን ባከነ! ግን ሰው የሚወደውን ሰው ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁና ዝም እላለሁ።

"እሺ ንገሪኝ" አላት ደብተሩን አውጥቶ። "ዛሬ ያደረግሽውን ንገሪኝ፤ ልጻፈው።"

ብርሃነሽ እጆቿን አየቻቸው። "እንጃ" አለች፤ ራሷም ገርሟት። "እውነቴን ነው ሀብቴ፣ አልደበቅሁህም። ስንት እንደጨመርኩ አላውቅም። ሳየው ነው የማውቀው። አፌ አያውቀውም፤ እጄ ነው የሚያውቀው። ለዚህ እኮ ነው ቆመህ እንድታይ የፈለግሁት።" ከዚያ ጉንጩን ነካችውና "ግድ የለም። ሦስተኛው ቀን ደረቆቱን እንጨምራለን። ያኔ አጠገቤ ትቆማለህ" አለችው።

ሀብተወልድ ሰኞና ማክሰኞ ፈቃድ ጠየቀ። እሑድን ሙሉ ፈነደቀ ማለት ይቻላል። ጓዳ ገብቶ የእህሉን ከረጢት እየከፈተ ያያል፤ ብርሃነሽ ከአልጋዋ ሆና "ያንን አትንካ፣ እሱ የሽሮ ነው" እያለች ትስቅበታለች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ግን መተንፈስ አቃታት። ከማል መኪና ይዞ መጣ። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች።

በስድስተኛው ቀን ትንሽ ተሻላት። የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፏ ገለል አድርጋ "ጥንስሱስ?" አለችው። "ደህና ነው፤ ሰናይት እያየችው ነው" አላት። ውሸት ነበር፤ ሰናይት ሁለት ጊዜ ከፍታ ስታየው ሻግቶ ነበር። ብርሃነሽ ያመነችው አይመስለኝም። የሀብተወልድን እጅ ሳበችና ጣቶቹን አጠፈቻቸው፤ ቆንጠር አድርጋ የእፍኝ ቅርጽ አስያዘችው።

"ጌሾ ይሄን ያህል። አይ... ያንተ እጅ ትልቅ ነው። ያንተ አንድ እፍኝ የኔ ሁለት ነው። ትንሽ ቀንስ።"

"እሺ።"

"አየህ ስንት እንደሆነ?"

"አየሁ" አላት። አላየም። የእጇን ቅዝቃዜ ነበር የሚያየው። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ዐረፈች።

አምስተኛው ቅዳሜ ሆስፒታል ስለነበር ሄዶ ምስክር ወረቀቱን አልተቀበለም። ከቀብሩ በኋላ ሊሊ ደወለች፤ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች። ሻጋታው ጥንስስ ተደፋ። ጋኑ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተገለበጠ።

አርባዋ ሲቃረብ የማኅበሩ ሴቶች ተሰብስበው መጡ። "የተዝካሩን ጠላ እኛ እንጠምቃለን፤ አንተ አታስብ" አሉት። ሀብተወልድ እምቢ አለ። "በእሷ ቤት፣ በእሷ ጋን፣ ለእሷ ተዝካር፣ ሌላ ሰው አይጠምቅም" አላቸው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ደፈር ብላ ልትናገር ነበር፤ ሰናይት ክንዷን ያዘቻት።

ሐምሌ ነው። ሱሉልታ በጭጋግ ተሸፍኗል። ጓዳው ገባና በሩን ዘጋ። ጌሾውን በእፍኙ አነሳ፤ ብርሃነሽ ያሳየችውን ቅርጽ ለመያዝ ሞከረ። ትንሽ ቀነሰ። በዛ? አነሰ? እንደገና ወደ ከረጢቱ መለሰው። እንደገና አነሳ። የሚጠራው ሰው መቶ ሃያ ነው፤ ቀሳውስቱ አሉ፤ የብርሃነሽ ተዝካር ላይ የተበላሸ ጠላ ቢቀርብ በስሟ ላይ ነው የሚቀረው። በመጨረሻ እፍኙን ከረጢቱ ውስጥ በተነና ከማል ያመጣለትን ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ደብተሩን ገለጠ። ግራሙን መዘነ፤ ሊትሩን ለካ፤ ቴርሞሜትሩን ጋኑ ውስጥ አንጠለጠለ፤ ብርዱን ለመከላከል በዙሪያው ሙቅ ውሃ የሞሉ ላስቲኮች ደረደረ፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ቀየራቸው። እንደ ሊሊ ትምህርት አንድም ነገር አላጎደለም። አላመጣጠነውም ብሎ የሚከሰው ሰው የለም። ብርሃነሽ ከሞተች ጀምሮ ጠላ በአፉ አልዞረም ነበርና አልቀመሰውም፤ ያጠለለችው ሰናይት ቀምሳ ጥሩ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በተዝካሩ ቀን ድንኳኑ ሞላ። ጠላው ሲቀዳ የወርቅ ቀለም ያለው፣ ጥርት ያለ ሆነ። ሰዉ ጠጣ። ድንኳኑ ውስጥ ጫጫታው ቀስ በቀስ ጨመረ፤ ጠላ ጥሩ ሲሆን የሚሰማው ዓይነት ጫጫታ ነው። ሀብተወልድ ከጥግ ቆሞ ፊታቸውን ያያል። የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር። አንድ ሰው ቆም ብሎ፣ ከዋጠ በኋላ ዝም ብሎ፣ "ብርሃነሽ!" እንዲል ነበር የሚጠብቀው። ወይም ቢያንስ አንድ ሰው ፊቱን አጨማዶ "ይሄ የእሷ አይደለም" እንዲል። ለእሱም ዝግጁ ነበር። ማንም ምንም አላለም።

ኦቦ ቦጂያ በምርኩዛቸው ጠሩት። አጎነበሰላቸው።

"አካም ጂርታ፣ ልጄ? በርታ። እግዜር ያጽናህ።"

"ያቆይልኝ ኦቦ።"

"ይሄን ፋርሶ አንተ ነህ የጠመቅኸው አሉኝ። እውነት ነው?"

"አዎ።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። "እውነት ልንገርህ? የእሷን ሃያ ዓመት ጠጥቻለሁ፤ ነፍሷን ይማር፤ ደግ ሴት ነበረች። ይሄ ይበልጣል።"

ከአጠገባቸው የተቀመጡት ሁሉ ተቀበሉ። "እውነት ነው፤ ያ ይደፈርስ ነበር።" "ይሄ ንጹሕ ነው።" "በል ቀጥልበት ሀብተወልድ፤ ቤቱም አይዘጋ፤ እሷም ደስ ይላታል።" ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሊያጽናኑት ነው። አንዱ ብርጭቆ ሞልቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት፤ "አንተም እንጂ ቅመስ፤ የገዛ እጅህን" አለው።

"ገለቶማ" ብሎ ሀብተወልድ ሽማግሌውን አመሰገናቸው። ቀመሰ።

ጥሩ ጠላ ነበር። ጥርት ያለ፣ ቀለል ያለ፣ እንከን የሌለው። ዋጠና ጠበቀ። ከምላሱ ጎን የሚመጣ ነገር አልነበረም። የእሷ ጭስ ጭስ ይላል ብሎ ለራሱ ተናገረ፤ ቆይቶ ነው የሚመጣው ብሎ ተናገረ፤ ቃሉ አለ፤ ጣዕሙ ግን አልመጣለትም። የእሷ ጣዕም እስከዚያች ጠዋት ድረስ አፉ ውስጥ ነበር፤ አርባ ቀን ሙሉ ሌላ ጠላ ሳያስነካ ይዞት ቆይቶ ነበር። ተደናግጦ ሁለተኛ ጎነጨ፤ ፈለገው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ፈለገው። አፉ ውስጥ ያለው የራሱ ጠላ ብቻ ነው።

ብርጭቆውን ይዞ እንደቆመ በእንባ ተንሰቀሰቀ። ሰዎቹ ሞቷ ትዝ ብሎት የሚያለቅስ መሰላቸው። "አይዞህ፣ አይዞህ፤ ጠጣበት" እያሉ ብርጭቆውን ደግመው ሞሉለት።